አራስ ቤት፦ ስለ መጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አራስ ቤት መልካም ልማድ ነው። እናት እንድታርፍ፣ ገንፎዋና አጥሚቷ እንዳይጓደልባት፣ ከባድ ሥራ እንዳይነካት የሚያደርግ ባህል በቀላሉ አይገኝም። ችግሩ ከዚሁ ጋር አብረው የኖሩ ጥቂት ነገሮች ሕፃኑን መጉዳታቸው ነው፦ እንገር መድፋት፣ ቅቤ ማስዋጥ፣ እትብት ላይ ነገር መቀባት፣ በተዘጋ ክፍል ከሰል ማንደድ። መልካሙን ይዞ እነዚህን መተው ይቻላል። ከዚህ በታች ያለው ምክር ጊዜውን ጠብቆ ለተወለደና ሲወለድ 2.5 ኪሎና ከዚያ በላይ ለመዘነ ሕፃን ነው። ያለ ጊዜው የተወለደ ወይም ክብደቱ ያነሰ ከሆነ የሚከታተለው ሐኪም መመሪያ ይቀድማል።

መጀመሪያ የሚወጣው ቢጫ ወተት መደፋት አለበት?

በጭራሽ። ያ ወፍራም ቢጫ ወተት እንገር ነው። ጥጃ እንገር ካልጠባ እንደማይጠና ከብት ያረባ ሁሉ ያውቃል፤ የሰው ልጅም እንዲሁ ነው። እንገር ሕፃኑን ከበሽታ የሚከላከል ነገር በብዛት ይዟል። ሆዱ ውስጥ ያለውን የመጀመሪያውን ጥቁር ሰገራም ቶሎ ጠርጎ ያስወጣል፤ ይህ ደግሞ የቆዳ ቢጫነት እንዳይበረታ ይረዳል። ሕፃኑ በተወለደ በ1 ሰዓት ውስጥ ጡት ይያዝ። በቀዶ ሕክምና ለወለደች እናትም፣ ነቅታ ከሆነ፣ ነርሷ ወይም ቤተሰብ ሕፃኑን ደረቷ ላይ ይዞ ያስጠባላታል።

ብዙዎችን የሚያስደነግጠው መጠኑ ማነሱ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሕፃኑ በአንድ ጊዜ የሚወስደው ከ2 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ስለሚይዝ ግፋ ቢል ሁለት ማንኪያ ማለት ነው። በሁለተኛው ቀን ከ5 እስከ 15፣ በሦስተኛው ከ15 እስከ 30፣ በአራተኛው ከ30 እስከ 60 ሚሊ ሊትር ይደርሳል። ሆዱም ወተቱም አብረው ያድጋሉ። «ወተቷ እስኪመጣ» ተብሎ የስኳር ውኃ ወይም የቆርቆሮ ወተት የሚሰጠው ሕፃን በዚያ ሆዱ ይሞላና ጡት መሳብ ይቀንሳል፤ ጡት ካልተሳበ ደግሞ ወተት አይመረትም። «ወተት የለኝም» የሚለው ችግር ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ወተቴ በቂ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

በልቅሶው አይደለም፣ በጡት ትልቅነትም አይደለም። የሚገባው የሚታወቀው በሚወጣው ነው፤ ስለዚህ ዳይፐር ወይም የሽንት ጨርቅ ቁጠሩ። በመጀመሪያው ቀን ቢያንስ 1 ጊዜ፣ በሁለተኛው 2፣ በሦስተኛው 3 ጊዜ ይሸናል። ከአምስተኛው ቀን በኋላ በ24 ሰዓት 6 ጊዜና ከዚያ በላይ መሽናት አለበት፤ ሽንቱም የነጣ ነው። ዳይፐሩ መርጠቡ ካልታወቃችሁ ደረቅ ዳይፐር ላይ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ውኃ አፍስሳችሁ ክብደቱን በእጃችሁ አወዳድሩ።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ዳይፐሩ ላይ የጡብ ዱቄት የመሰለ ብርቱካንማ ምልክት ቢታይ አያስጨንቅም። ከአራተኛው ቀን በኋላም ከታየ ግን ሕፃኑ በቂ ወተት አላገኘም ማለት ነው፤ በዚያው ቀን ይታይ።

ሰገራው መጀመሪያ እንደ ሬንጅ ጥቁርና ሙጭጭ ያለ ነው። በሦስተኛው ቀን አካባቢ ወደ አረንጓዴ ይዞራል፣ በአምስተኛው ቀን ቢጫና ለስላሳ ይሆናል። በአምስተኛው ቀንም ጥቁር ከሆነ በበቂ ሁኔታ እየጠባ አይደለም።

ክብደቱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ መቀነሱ ተፈጥሮ ነው፤ ከተወለደበት ክብደት ከመቶ 10 በላይ ከቀነሰ ግን መታየት አለበት። 3 ኪሎ ለተወለደ ሕፃን ይህ 300 ግራም ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ ተወለደበት ክብደት ይመለሳል፤ ከዚያ በኋላ በቀን ከ20 እስከ 30 ግራም ይጨምራል።

በ24 ሰዓት ከ8 እስከ 12 ጊዜ አጥቡት፤ ሌሊትም ጭምር። ሕፃን ሲርበው መጀመሪያ አፉን ይከፍታል፣ ጭንቅላቱን ወዲያና ወዲህ ያዞራል፣ እጁን ይልሳል። ልቅሶ የመጨረሻው ምልክት ነው፤ እያለቀሰ ያለ ሕፃን ጡት መያዝ ይቸግረዋል። ክብደቱ እስኪመለስ ድረስ በቀን ከ3 ሰዓት፣ ሌሊት ከ4 ሰዓት በላይ ከተኛ ቀስቅሳችሁ አጥቡት። ልብሱን ማውለቅና የእግሩን መዳፍ ማሸት ያነቃዋል።

ሲጠባ ያመኛል፣ የጡቴ ጫፍም ተሰነጠቀ። ምን ላድርግ?

ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ምክንያቱ አያያዙ ነው፤ ሕፃኑ ጫፉን ብቻ ይዟል። እንዲህ አድርጉ፦ ሕፃኑን ሙሉ በሙሉ ወደ እናቱ አዙሩት፣ ሆዱ ሆዷን ይንካ። ጆሮው፣ ትከሻውና ዳሌው በአንድ መስመር ይሁኑ፤ አንገቱን ጠምዝዞ አይጥባ። አፍንጫውን ከጡት ጫፍ ትይዩ አድርጋችሁ በጫፉ የላይ ከንፈሩን ነካ ነካ አድርጉ። ሲያዛጋ እንደሚከፍተው አፉን በሰፊው እስኪከፍት ጠብቁ፤ በከፈተ ቅጽበት ሕፃኑን ወደ ጡት አምጡት እንጂ ጡቱን ወደ ሕፃኑ አትግፉ።

በትክክል ሲይዝ አገጩ ጡቱን ይነካል፣ የታች ከንፈሩ ወደ ውጭ ይገለበጣል፣ በጡት ጫፍ ዙሪያ ካለው ጥቁር ክፍል ከላይ በኩል የሚታየው ከታች ከሚታየው ይበልጣል። ጉንጩ አይሰረጉድም፣ ከመዋጥ ድምፅ በቀር አይጮኽም። መጀመሪያ ላይ ለጥቂት ሴኮንድ መሳብ ሊሰማ ይችላል፤ ከዚያ በኋላም ካመመ ትንሿን ጣት በአፉ ጥግ አስገብታችሁ አላቁትና እንደገና ጀምሩ። ሳታላቅቁ መጎተት ቁስሉን ያብሳል።

ለተሰነጠቀው ጫፍ ከጠባ በኋላ የራሳችሁን ወተት ጠብታ ቀብታችሁ በአየር ማድረቅ ይበቃል። ጫፉን በሳሙና አትጠቡ፤ ተፈጥሯዊ ቅባቱን ያነሳዋል።

በሦስተኛው ቀን ጡቴ እንደ ድንጋይ ደነደነ፤ ሕፃኑም መያዝ አቃተው።

ወተቱ ሲመጣ የሚሆን ነው፤ ብዙውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ያልፋል። ከማጥባት በፊት ለብ ባለ ፎጣ ሸፍኑና ጥቁሩ ክፍል እስኪለሰልስ ጥቂት በእጅ እለቡ፤ ከዚያ ይይዛል። ከጠባ በኋላ ቀዝቃዛ ጨርቅ አድርጉበት። አንድ ጡት ላይ ቀይ፣ የሚያቃጥልና የሚያም ቦታ ከተፈጠረ ማጥባቱን አታቁሙ፤ የጡቱ ወተት ሕፃኑን አይጎዳውም። እናቲቱ ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ካለባት ግን በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

ውኃ፣ የተነጠረ ቅቤ፣ አብሽ ወይም ጤና አዳም ትንሽ ትንሽ ብሰጠውስ?

አትስጡት። እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል፤ በሞቃት አካባቢም ቢሆን የጡት ወተት አብዛኛው ውኃ ነው። ቅቤ ማስዋጥ «አንጀቱን ያለሰልሳል» ቢባልም ወደ ሳንባ ገብቶ ብርቱ የሳንባ ምች ያመጣል፤ ሳይፈላ የቀረ ውኃና በእጅ የተጨመቀ ቅጠል ደግሞ ተቅማጥ ያስይዛል። ማር ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን በምንም መልኩ አይሰጥም፤ የሕፃናትን ጡንቻ የሚያሽመደምድ ተሕዋስ ሊኖርበት ይችላል። ሐኪም ያዘዘው መድኃኒትና የቫይታሚን ጠብታ ብቻ ይፈቀዳል።

አያት «እናንተንም ያሳደግኋችሁ በዚሁ ነው» ብትል መጨቃጨቅ አያስፈልግም። አብሹንና ቅቤውን ለአራሷ ገንፎ ትስጠው፤ እዚያ ቦታው ነው።

የዱቄት ወተት ግድ ከሆነስ?

ስህተት የሚበዛው አዘገጃጀቱ ላይ ነው። እጅና ዕቃ ታጥቦ ዕቃው ይቀቀል። ውኃው ይፍላ፤ ከፈላ ከ30 ደቂቃ በላይ ሳይቆይ፣ ገና ከ70 ዲግሪ ሳይወርድ ይቀዳ፤ ዱቄቱ ውስጥ ሊኖር የሚችለውን ጀርም የሚገድለው ይህ ሙቀት ነው። መጀመሪያ ውኃው፣ ቀጥሎ ዱቄቱ። መለኪያው በቢላ ጀርባ የተስተካከለ ይሁን፤ ቁጥሩን ቆርቆሮው ላይ አንብቡ፣ ብዙዎቹ ለ30 ሚሊ ሊትር ውኃ 1 መለኪያ ይላሉ። ዱቄቱ እንዲበረክት ማቅጠን ሕፃኑን ያከሳል፤ ማወፈር ደግሞ ኩላሊቱን ይጎዳል። ጡጦውን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አቀዝቅዛችሁ የእጃችሁ አንጓ ላይ ጠብ አድርጉና ሞክሩ። በ2 ሰዓት ውስጥ ያልተጠጣ ይደፋ። በጡጦ ፋንታ በትንሽ ሲኒ ማጠጣት ለማጽዳትም ይቀላል፣ ሕፃኑም ጡት እንዳይረሳ ይረዳል። የላም ወተት ከ1 ዓመት በታች በዱቄት ወተት ፋንታ አይሆንም።

ከኤች አይ ቪ ጋር የምትኖር እናት መድኃኒቷን ሳታቋርጥ እስከ 6 ወር ጡት ብቻ ታጥባ፤ ለሕፃኑ የታዘዘለትን መድኃኒትም ቀን ሳታዘልል ትስጠው። ጡትና ሌላ ምግብ መቀላቀል ነው አደገኛው።

እትብቱ ላይ ምን ልቀባ?

ከጤና ተቋም ከተሰጣችሁ ክሎርሄክሲዲን ጄል በቀር ምንም። ቅቤ፣ ቫዝሊን፣ አመድ፣ እበት፣ አልኮል፣ ሁሉም ይቅር። እበትና አመድ የመንጋጋ ቆልፍ ያመጣሉ።

ጄሉ ከተሰጣችሁ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ የእትብቱን ጫፍና ሥሩን ዙሪያውን ቀቡ፤ በቀን አንድ ጊዜ ለ7 ቀን። አንድ ነገር አጥብቃችሁ ልብ በሉ፦ የጄሉ ቱቦ ለሕፃን ዓይን ከሚሰጠው የቴትራሳይክሊን ቅባት ቱቦ ጋር ሊመሳሰል ይችላል። ክሎርሄክሲዲን ዓይን ውስጥ ከገባ ዓይን ያጠፋል። ሁለቱን አንድ ቦታ አታስቀምጡ፤ ጄሉ ላይ በማርከር «እትብት» ብላችሁ ጻፉ። በስህተት ከገባ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውኃ እያጠባችሁ ወደ ሐኪም ሩጡ።

ዳይፐሩን ከእትብቱ በታች እጠፉት፤ ሽንት እንዳይነካው፣ አየርም እንዲያገኘው። በጨርቅ አትጠቅልሉት። ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 15 ቀን ውስጥ ራሱ ይወድቃል፤ በክር ተንጠልጥሎ ቢታይም አትጎትቱት። ሲወድቅ ጥቂት የደም ጠብታ የተለመደ ነው። መግል፣ መጥፎ ሽታ፣ ወይም ወደ ሆዱ ቆዳ የሚሰፋ መቅላት ግን በዚያው ቀን ሕክምና የሚፈልግ ነው።

መቼ ነው የሚታጠበው?

ከተወለደ 24 ሰዓት ካለፈው በኋላ። ቆዳው ላይ ያለው ነጭ ቅባት ቆሻሻ አይደለም፤ አትፈግፍጉት። ከዚያ በኋላ በሳምንት 2 ወይም 3 ቀን ይበቃል፤ ፊት፣ አንገት፣ ብብትና መቀመጫ ግን በየቀኑ ይጠረጋል። እኩለ ቀን ላይ፣ በር ዘግታችሁ፣ ፎጣና ልብስ አጠገባችሁ አዘጋጅታችሁ ጀምሩ። ቀዝቃዛው ውኃ ይቅደም፣ ሙቁ ይከተል፤ ሙቀቱን በክርናችሁ እዩ፣ ለብ ያለ ብቻ ይሁን። ከ5 ደቂቃ በላይ አትቆዩ፤ መጀመሪያ ጭንቅላቱን አድርቁ፣ ሙቀት በብዛት የሚያጣው በዚያ ነው።

ጭንቅላት «እንዲያምር» መጭመቅ፣ አፍንጫ መቆንጠጥ፣ ወደ ላይ መወርወር፣ በእግር ማንጠልጠል ይቅር። የአዲስ ሕፃን ጡት፣ ወንድም ሴትም፣ ከእናቱ በተላለፈው ሆርሞን ያብጣል፤ ጠብታ ወተትም ሊወጣው ይችላል። ሲያልቡት ይመግላል፤ ካልነኩት በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል።

ቆዳው ቢጫ ሆነ። ፀሐይ ላይ ላውጣው?

ቢጫነት በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ፊት ላይ ቢጀምር፣ ሕፃኑ ነቅቶ የሚጠባ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይለቃል። በጣታችሁ ግንባሩን ጫን አድርጋችሁ ስትለቁ ቢጫ ከሆነ ቢጫነት አለ ማለት ነው፤ ይህን በቀን ብርሃን እንጂ በአምፖል አትዩ። ጨለማ አራስ ቤት ቢጫነትን ይደብቃል፤ መጋረጃውን ግለጡ።

ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል የሚያስኬደው፦ በመጀመሪያው 24 ሰዓት ከታየ፣ ወደ እጁና እግሩ መዳፍ ከደረሰ፣ ሕፃኑ ካንቀላፋና መጥባት ከተወ፣ ሰገራው እንደ ኖራ ከነጣ፣ ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላም ካለ። የጠና ቢጫነት አንጎልን ለዘለቄታው ይጎዳል፤ ሕክምናው በሆስፒታል ያለው ሰማያዊ መብራት ነው። የጠዋት ፀሐይ አይተካውም፤ «ትንሽ ፀሐይ ይሙቅና እንይ» እየተባለ ቀን የሚያልፍባቸው ሕፃናት ናቸው የሚጎዱት።

ታዲያ ፀሐይ ማሞቅ ለምን ይጠቅማል?

ለአጥንት። አጥንት የሚያለሰልሰውን የሪኬትስ በሽታ ለመከላከል ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ከ5 ደቂቃ ጀምራችሁ ቀስ በቀስ እስከ 30 ደቂቃ አድርሱት። ልብሱ ወልቆ፣ ቅባት ሳይቀባ፣ ዓይኑ ተከልሎ። በመስኮት መስታወት በኩል የሚገባ ፀሐይ አይሠራም፤ የሚፈለገውን ጨረር መስታወቱ ያስቀረዋል። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ክረምት ላይ ላላችሁ ፀሐዩ አይበቃም፤ በቀን 400 ዩኒት የቫይታሚን ዲ ጠብታ ስጡ።

ብርድ እንዳይመታው ክፍሉን በከሰል ማሞቅ ይቻላል?

አይቻልም። ይህን ለማለት የምንለሰልስበት ምክንያት የለም። ከሰል ሲነድ ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል፤ በተዘጋ ክፍል እናትና ልጅን በእንቅልፍ ላይ እንዳሉ ይገድላል። ፍሙ ቀልቶ ጭሱ ቢጠፋም ጋዙ አይቆምም። ቡና ከተፈላ ውጭ ወይም በተከፈተ በር ይፈላ። እናት ወይባ መታጠን ከፈለገች ቁስሏ ድኖ፣ ሕፃኑ በሌላ ክፍል ሆኖ ይሁን።

ሕፃኑን የሚያሞቀው የእናቱ ገላ ነው፦ በዳይፐርና በኮፍያ ብቻ አድርጋችሁ ደረቷ ላይ አስተኙት፣ ከላይ ጋቢ ደርቡ። አባትም ይችላል። ልብሱ እናንተ ከለበሳችሁት በአንድ ድርብ ይብለጥ። እጅና እግሩ ቢቀዘቅዝ አትደንግጡ፤ ደረቱን ወይም ጀርባውን ዳስሱ። በብብት የሚለካ ጤናማ ሙቀት ከ36.5 ጀምሮ ከ37.5 በታች ነው።

እንዴት ይተኛ?

በጀርባው፣ ጠንከር ባለ ፍራሽ ላይ፣ ያለ ትራስ። አገራችን ውስጥ ትልቁ ስጋት ፊት መሸፈን ነው። ነጠላ ወይም ጋቢ ከሰው ዓይን፣ ከብርድ፣ ከዝንብ ተብሎ ፊቱ ላይ ይጣላል፤ ሕፃኑ ግን ራሱ መግለጥ አይችልም፣ የተነፈሰውን አየር መልሶ ይተነፍሳል። ብርድ ልብሱ ከደረቱ በላይ አይለፍ፣ ጫፉም ከፍራሹ ሥር ይወተፍ። ለዝንብና ለትንኝ አጎበር አለ። ከእናቱ ጋር በአንድ ክፍል፣ ከተቻለ በራሱ መኝታ ይተኛ። አልኮል የጠጣ፣ ሲጋራ የሚያጨስ ወይም የሚያደነዝዝ መድኃኒት የወሰደ ሰው ከሕፃን ጋር አይተኛ፤ ሶፋ ላይ አቅፎ ማንቀላፋት ደግሞ ከሁሉም ይከፋል።

ማታ ማታ ያለቅሳል፤ ሆዱን ቆረጠው እንዴ?

ከሁለተኛው ሳምንት ገደማ ይጀምራል፣ በስድስተኛው ሳምንት ይብሳል፣ በሦስተኛው አራተኛው ወር ይለቃል። በየምሽቱ በተመሳሳይ ሰዓት የሚያለቅስ፣ በሌላው ጊዜ ደህና የሚጠባና የሚጨምር ሕፃን ጤነኛ ነው። አጥቡት፣ አስገሱት፣ ዳይፐሩን እዩ፣ ጣቱ ላይ ክር ተጠምጥሞ እንደሆነ ፈትሹ፤ ከዚያ ደረታችሁ ላይ አድርጋችሁ ተራመዱ። እንስላል ማጠጣትና ጭስ ማጠን አይጠቅሙም። ትዕግሥታችሁ ካለቀ ሕፃኑን በጀርባው አስተኝታችሁ ለ10 ደቂቃ ከክፍሉ ውጡ። ማንም ቢሆን ሕፃን አይነቅንቅ፤ አንጎሉ ውስጥ ደም ይፈሳል።

አራስ ጠያቂ ሲበዛስ?

ገንፎው ይቀጥል፤ ሕፃኑ ግን ከእጅ ወደ እጅ አይዙር። የሚያቅፍ ሁሉ በሳሙና ይታጠብ፣ ጉንፋንና ሳል ያለበት በር ላይ ሆኖ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብሎ ይመለስ። ከንፈሩ ላይ ምች የወጣበት ሰው በፍጹም አይሳመው፤ ለትልቅ ሰው በሳምንት የሚድነው ያ ቁስል ለአራስ ልጅ ገዳይ ሊሆን ይችላል። ይህን ለእንግዳ መናገር እናትየዋን ያሳፍራታል፤ የአባት ወይም የአያት ሥራ ይሁን።

ስቅታ፣ ማስነጠስ፣ የቆዳ መላጥ፣ የዓይኑ ነጭ ላይ ደም፣ ሴት ሕፃን ላይ ጥቂት ደም ታየ።

ሁሉም በመጀመሪያው ሳምንት የሚታዩ፣ መድኃኒት የማይፈልጉ ናቸው። ጠብቶ ትንሽ መመለሱም እንዲሁ። አረንጓዴ ትውከት ግን ድንገተኛ ነው።

እንጥል ማስቆረጥ፣ ግግ ማስወጣት፣ ግርዛት?

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አያስፈልጉም። ግግ የሚባለው ገና ያልወጣ የወተት ጥርስ ነው። ሁለቱም ደም መፍሰስና መመረዝ ያስከትላሉ፣ የታመመ ሕፃን ትክክለኛ ሕክምናም ያዘገያሉ። ወንድ ልጅ የሚገረዝ ከሆነ በጤና ተቋም፣ ሲወለድ የቫይታሚን ኬ መርፌ መወጋቱን አረጋግጣችሁ፣ ቢጫነት ሳይኖርበት ይሁን። ሴት ልጅን መግረዝ በስምንተኛው ቀንም ሆነ በሌላ ቀን ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ ጉዳት ነው፤ በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም ያስቀጣል።

ሕፃኑን ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም የሚያስኬደው ምንድን ነው?

መጥባት መተው ወይም ለመጥባት አለመንቃት። መንቀጥቀጥ። ትኩሳት፦ 37.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ፤ ወይም መቀዝቀዝ፦ ከ35.5 በታች። ፈጣን ትንፋሽ፦ ተኝቶ ሳለ ሙሉ 1 ደቂቃ ሆዱ ሲነሳ ሲወርድ ቁጠሩ፤ 60ና ከዚያ በላይ ከሆነ ድገሙት፣ አሁንም 60ና ከዚያ በላይ ከሆነ ሂዱ። ሲተነፍስ የደረቱ የታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ መሰርጎድ ወይም ማቃሰት። ሲነኩት ብቻ መንቀሳቀስ። የርግብግቢት ማበጥ። ከዓይን መግል መፍሰስ።

አራስ ልጅ ሲታመም ቀን አይሰጥም፤ ጠዋት ደህና የነበረ ማታ ሊጠና ይችላል። ፓራሲታሞል ሰጥቶ መጠበቅ በዚህ ዕድሜ አይሠራም። በመንገድ ላይ ገላ ለገላ አድርጋችሁ ሂዱ፣ ከዋጠም አጥቡት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

ለእናትስ የሚያሰጋው ደም ስንት ነው?

መጀመሪያ ሦስት አራት ቀን ቀይ፣ ቀጥሎ ቡናማና ሮዝ፣ ከዚያ እስከ ስድስት ሳምንት የነጣ ፈሳሽ ይወጣል። ስታጠባ ሆዷን መቁረጡ ማህፀን ሲሰበሰብ ነው። አንድ ሞዴስ ከ1 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ከራሰ፣ ትልልቅ የረጋ ደም ከወጣ ወይም ራሷን ካዞራት ድንገተኛ ነው። እንዲሁም፦ ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት፣ የሚሸት ፈሳሽ፣ ብርቱ የራስ ምታትና የዓይን ብዥታ፣ የደረት ሕመምና ትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ እግር ማበጥና መቀጥቀጥ። የደም ግፊት ችግር በእርግዝና ባይኖርባትም ከወለደች በኋላ እስከ ስድስት ሳምንት ሊነሳ ይችላል፤ ራስ ምታቱን «ምች ነው» ብላችሁ በዳማከሴ አታሳልፉት።

የተሰፋ ቁስል ካለ ከሽንት በኋላ በለብ ያለ ውኃ ከፊት ወደ ኋላ ይታጠብ፣ ሞዴሱ በየ4 ሰዓቱ ይለወጥ።

ምን ትብላ? ቡናና ጠላስ?

ገንፎ፣ አጥሚት፣ ምስር፣ ሽሮ፣ እንቁላል፣ ጎመን፣ ሥጋ፣ ፍራፍሬ፣ ምንም የሚከለከል የለም። ከወትሮው አንድ ሁለት ጊዜ ጨምራ ትብላ፤ ባጠባች ቁጥር አንድ ብርጭቆ ውኃ አጠገቧ ይሁን። የአይረን ፎሊክ አሲድ ክኒኑን ለ3 ወር ትቀጥል፤ ከቡናና ከሻይ ግን ቢያንስ በ1 ሰዓት ታራርቀው፣ አለዚያ አይረኑ አይዋሐድም። በቀን ሁለት ሲኒ ቡና አይጎዳም። ጠላና ቢራ «ወተት ያመጣል» ቢባልም አልኮሉ ወደ ወተቱ ያልፋል፤ ወተት የሚያመጣው ጡት ደጋግሞ መሳቡ ነው።

ደስ ሊለኝ ሲገባ አለቅሳለሁ።

ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ሆርሞን ሲወርድና እንቅልፍ ሲጎድል ብዙ እናቶች ያለ ምክንያት ያለቅሳሉ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ያልፋል። ካላለፈ፣ ሕፃኑ እየተኛም እንቅልፍ እምቢ ካላት፣ ልጇን መንካት ካስጠላት ሕክምና ያለው የድባቴ ሕመም ነው፤ የእምነት ማነስ አይደለም፣ የልጅ ጥላቻም አይደለም። ራሷን ወይም ልጇን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣባት፣ ወይም የሌለ ድምፅ ከሰማች ብቻዋን አትተዋት፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል።

ክትትልና ክትባት መቼ ነው?

ከወለደች በኋላ 24 ሰዓት በጤና ተቋሙ መቆየት፤ ከዚያ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን፣ በአንደኛውና በሁለተኛው ሳምንት መካከል፣ እና በስድስተኛው ሳምንት። በመንግሥት ጤና ጣቢያ ይህ አገልግሎት በነፃ ነው። ለመጀመሪያዎቹ መውጣት ካልቻለች ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ንገሩ።

እንደተወለደ ቢሲጂ (የሳንባ ነቀርሳ ክትባት) እና የፖሊዮ ጠብታ ይሰጠዋል፤ ቀጣዩ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ነው። ቢሲጂ የተወጋበት ቦታ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ያብጣል፣ ትንሽ ይቆስላል፣ ጠባሳ ይተዋል። አትጭመቁት፣ አትቀቡት።

እያጠባሁ ላረግዝ እችላለሁ?

ሦስቱ አብረው ከተሟሉ ዕድሉ አነስተኛ ነው፦ ሕፃኑ ከ6 ወር በታች፣ ቀንም ሌሊትም ጡት ብቻ የሚጠባ፣ የወር አበባም ያልተመለሰ። አንዱ ከጎደለ ሌላ መከላከያ ያስፈልጋል፤ እንቁላል ከወር አበባ ይቀድማልና። በስድስተኛው ሳምንት ክትትል ላይ ጠይቁ።

ለክርስትና ሲሄድ ብርድ አይመታውም?

ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀኗ ስትጠመቅ ከግማሽ ሰዓት በፊት አጥቧት። ሁለት ደረቅ ፎጣ፣ ኮፍያና ሙሉ ቅያሪ ልብስ ያዙ። ከውኃው እንደወጣች ጭንቅላቷን አድርቁና ደረታችሁ ላይ ገላ ለገላ አድርጋችሁ በጋቢ ሸፍኑ። ትኩሳት ካላት አስቀድማችሁ ካህኑን አነጋግሩ።

የልደት ምዝገባና ፈቃድ?

በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት በ90 ቀን ውስጥ ይመዘገባል። ከጤና ተቋሙ ስትወጡ የልደት ማሳወቂያውን ወረቀት ሳትቀበሉ አትሂዱ፤ በኋላ ማስፈለግ ያደክማል። የሕፃኑን ስም፣ የወላጆችን ስምና የትውልድ ቀን ፊደል በፊደል እዚያው አረጋግጡ፤ ከዚያ ከወላጆች መታወቂያ ጋር ወደ ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ውሰዱት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን፣ አባት 3 ተከታታይ ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር ፈቃድ አላቸው። አባት ሦስቱን ቀን ለድግስ ባያውላቸው ይሻላል፤ እናትየዋ ወደ ቤት በገባችበት ቀን ይጀምራቸው፣ የሌሊቱን ዳይፐር ይቀይር፣ ለሁለተኛው ወይም ለሦስተኛው ቀን ክትትልም ወደ ጤና ጣቢያ ያድርሳቸው።